ሱቁ ቀርቶ ሰፈሩ ሲሄድ

የከተማ ፕላን ባለሙያው፦ እትዬ፣ ፒያሳን እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። እዚህ በርዎ ላይ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ወደ አስፋልቱ ይወርድ ነበር። ዛሬ አምስት ስድስት ሰው ጎን ለጎን ይሄዳል። ማታ መብራቱ፣ ልጆቻቸውን ይዘው የሚንሸራሸሩት፣ አግዳሚው ላይ የሚያርፉት አዛውንት፤ ይህን ሁሉ እያዩ ሰፈሩ ሞተ ይላሉ?

ባለሱቋ፦ መንገዱ መስፋቱን አልክድም። መብራቱንም እወደዋለሁ፤ አምሽቼ ስዘጋ አልፈራም። ግን እኔ የምሸጠው ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ገበር ነው። ለሽርሽር የወጣ ሰው ዚፕ አይገዛም። ዚፕ የሚገዛው ልብስ ሰፊ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ደግሞ ከኋላዬ ባለው ሰፈር ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ የእኔ ሱቅ ከመስመሩ ውጭ ሆኖ ተረፈ። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። ሱቄ ሳይነካ ገበያዬ መነሣቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ባለሙያው፦ ልብስ ሰፊዎቹ እኮ አልጠፉም። ምትክ ቤት ያገኘ አለ፣ ሌላ ቦታ የተከራየ አለ። ስልካቸው አለዎት። ቴሌብር አለ፣ ሞተረኛ አለ። ዕቃውን ይላኩላቸው።

ባለሱቋ፦ በካርቶን የሚገዛ ሰውማ መርካቶ አከፋፋዩ ዘንድ ይሄዳል፤ እኔ ምን አደርግለታለሁ? እኔ የኖርኩት በአንድ ጥቅል ክር ነው። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ቆርጦ ሲነሣ ቁራጩን በልጅ ይልክብኛል፣ «ከዚህ ጋር የሚሄድ ክር» ይላል። ከሰዓት ዚፑ አጠረኝ ብሎ ይልካል። ሲመሽ ስድስት ቁልፍ። ገንዘቡን የሚከፍለኝ ደንበኛው ቅዳሜ ልብሱን ሲረከብ ነው። አሁን ያ ሰው ከከተማው ዳር ለአንድ ጥቅል ክር የሞተር ዋጋ ይክፈል? የክሩን ብዙ እጥፍ እኮ ነው። ዱቤውንስ እንዴት አድርጌ ልስጠው? ዱቤ የምሰጠው ማሽኑ ሲያንኳኳ ስለምሰማ ነው። ዛሬ ሥራ አለው፣ ቅዳሜ ይከፍለኛል ብዬ ነው። ድምፁን የማልሰማውን ሰው በምን አምነዋለሁ?

ባለሙያው፦ ይህ ለእርስዎ ከባድ መሆኑን አምናለሁ። ለከተማዋ ግን አይመስለኝም። በአዲስ አበባ ውዱ መሬት ላይ ክርና ቁልፍ መሸጥ ያለበት ማነው ብለን መጠየቅ አለብን። ያው ክር ሌላ ሰፈር ይሸጣል። ገበያ ቦታውን ራሱ ያገኛል።

ባለሱቋ፦ መሬቱን ያስወደደው ማነው ታዲያ? ባዶ ሜዳ ሳለ ውድ ነበር? ሰው ስለሚመላለስበት ነው የተወደደው። ሰው የሚመላለሰው ደግሞ ቀሚስ ሊያሰፋ፣ ቀለበት ሊያሠራ፣ ፎቶ ሊነሣ፣ ማኅተም ሊያስቀርጽ፣ የአይን መነጽር ሊያስገጥም እየመጣ ነው። ከእነዚህ ሁሉ መሐል ውድ ዕቃ የሚሸጠው ወርቅ ቤቱ ብቻ ነው። ሙሽራ ግን ወርቅ ልትገዛ መጥታ ቀሚሷን ትለካለች፣ ጫማዋን ታሳያለች፣ ኬክ ታዛለች፣ ደክሟት ማኪያቶ ትጠጣለች። በአንድ ቀን ሁሉንም ታደርሳለች። ከእነዚያ ሱቆች ግማሹን ብታነሣ ወርቅ ቤቱም ይቀዘቅዛል።

ባለሙያው፦ እኔም የምናገረው የማላውቀውን አይደለም፣ እትዬ። ያ ከሱቅዎ ኋላ የነበረው ሰፈር የተወለድኩበት ነው። ለስንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት እንደነበር ያውቃሉ። ክረምት ሲገባ እናቴ አልጋውን ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ ስታዞር ነው ያደግሁት፤ ጣሪያው የማያፈስበት ቦታ እየፈለገች። ዛሬ ሰው «የድሮ ፒያሳ» እያለ ሲያለቅስ ስሰማ ይከፋኛል። ብዙው ቡናውን ጠጥቶ ማታ ቦሌ ወይም ሲኤምሲ የሚገባ ነው። በእናቴ ጣሪያ ሥር አንድ ሌሊት አላደረም።

ባለሱቋ፦ እናትህን አውቃታለሁ። ያንን ጣሪያ አቁሙልኝ ብዬ አልለምንም። ውኃ የሚያስገባ ቤት ቅርስ አይደለም። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ጣሪያው ሲነሣ ከሥሩ የነበረው ሥራ ለምን አብሮ ተነሣ?

ባለሙያው፦ ምክንያቱም ሥራው የቆመው በዚያው ጣሪያ ነው። ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኪራዩ ባለበት ቆመ። በዚያ ገንዘብ ቆርቆሮ መቀየር አይቻልም። ተከራዩም ቤቱ የእኔ አይደለም ብሎ አያድስም፣ ቀበሌም ገንዘብ የለኝም ይላል። የፒያሳ ርካሽ ኪራይ የተከፈለው በፒያሳ ግድግዳ ነው። የእርስዎ ሰፈር እየኖረ ሳይሆን እየፈረሰ ነበር።

ባለሱቋ፦ ይህ እውነት ነው። ርካሹ ኪራይ ያሳደገውን ግን አትርሳ። አንድ ልጅ ከጌታው ዘንድ አምስት ስድስት ዓመት ተምሮ የራሱን ማሽን ይገዛል። ወረቱ ያቺው ማሽን ናት። ቤት ይከራያል። እንበል ኪራዩ በወር 30,000 ብር ነው። አንድ ቀን ሳይዘጋ ቢሠራ በቀን 1,000 ብር ለኪራይ ብቻ ያስፈልገዋል። ሱሪ አሳጥሮ 50 ብር ቢተርፈው፣ ገና ቁርሱን ሳይበላ፣ መብራት ሳይከፍል፣ ግብር ሳያስብ 20 ሱሪ ማሳጠር አለበት። በቀን 20 ሱሪ የሚያመጣ ደንበኛ ለጀማሪ ከየት ይመጣል? እንዲህ ባለ ኪራይ ልብስ ሰፊ አይጀምርም። የሚጀምረው ሌላ ቦታ የከበረና ቅርንጫፍ የሚከፍት ሰው ነው።

ባለሙያው፦ ተማሪ ሳለን ይህንኑ ያስተማሩን ከአሜሪካዊቷ ከጄን ጄከብስ መጽሐፍ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 የወጣ መጽሐፍ ነው። ከተማ አሮጌ ሕንፃ ያስፈልገዋል፣ አዲስ ሕንፃ የሚያስከፍለውን ኪራይ የሚችለው የደረጀ ንግድ ብቻ ነው ትላለች። ያኔ በጣም ወደድኩት። ቆይቼ ግን እሷ የተከራከረችለት የኒውዮርክ ሰፈር፣ ግሪንዊች ቪሌጅ፣ ዛሬ ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ሕንፃዎቹ ቆመዋል። ኪራዩ ግን ከከተማው ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ግድግዳው ዳነ፣ ጫማ ሰፊው አልዳነም።

ባለሱቋ፦ ከእኔ ጋር ተስማማህ እኮ። እኔም የምለው ዋናው ግድግዳው አይደለም ነው።

ባለሙያው፦ አልተስማማሁም፣ ጉዳዩ ከዚያ ይብሳል። እህትዎ ዋሽንግተን ናት። የእኛ ሰዎች አዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ሲከፍቱ ሰፈሩ ርካሽ ነበር። እነሱ አደመቁት። ሲደምቅ ሰው ፈለገው፣ ሰው ሲፈልገው ኪራይ ወጣ። ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው ጎዳና ወረዱ፤ እዚያም አደመቁት፣ እዚያም ተወደደ። ዛሬ ብዙዎቹ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ናቸው። ቀበሌ አልነበረም፣ ግሬደር አልመጣባቸውም። ያስወጣቸው የራሳቸው መድመቅ ነው። እዚህ ማፍረሱን ብናቆምም እንኳ እርስዎ የሚወዱት ዓይነት ሰፈር ራሱን በራሱ ያስወድዳል።

ባለሱቋ፦ እህቴ ይህን ብዙ ጊዜ ነግራኛለች። አንድ ነገር ግን ጨምራ ነው የምትነግረኝ። ሕንፃውን በጊዜ የገዛው እስከ ዛሬ እዚያው ይሸጣል። የተከራየው ነው የሄደው። ሁለቱም ያው እንጀራ፣ ያው ወጥ ነው የሚያቀርቡት። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሰፈር ሲደምቅ ነጋዴው መባረሩ እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ ነገር አይደለም። ውሉ ላይ ምን እንደተጻፈ ነው የሚወስነው።

ባለሙያው፦ መልካም፣ ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የእኛን ወረቀት ግን እርስዎም ያውቁታል። የቀበሌ ንግድ ቤት በስሙ ይዞ፣ ለቀበሌ ትንሽ ኪራይ እየከፈለ፣ ለሌላ ነጋዴ በብዙ እጥፍ የሚያከራይ ስንት አለ? ራሱ መርፌ ክር ውስጥ አስገብቶ አያውቅም። በሰው ላብ ይኖራል። ነባሩን ተከራይ እንጠብቅ ስንል የምንጠብቀው ይህን ሰው ነው።

ባለሱቋ፦ እኔም የጀመርኩት እንዲህ ካለ ሰው ተከራይቼ ነው። በየስድስት ወሩ ኪራይ ጨምሪ ይለኝ ነበር። ደረሰኝ የለም፣ ውል የለም። መደርደሪያ እንኳ ላሠራ ስል «ማን ፈቀደልሽ» አለኝ። ያ ሰው ሲነሣ አላለቀስኩም። ውል ይሰጥ የምለው ቤቱ በስሙ ለተመዘገበው አይደለም፤ በሩን ጠዋት ለሚከፍተው ነው። ያንን ማወቅ ደግሞ አይከብድም። ማንኛውንም ጎረቤት ጠይቅ፣ ሱቁን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ይነግርሃል።

ባለሙያው፦ ጎረቤት የሚነግረውን መዝገብ ቤት አይቀበለውም። ሕጉም ከእርስዎ ጋር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መልሶ ማልማት በሚካሄድበት ቦታ ላይ ቅድሚያ የማልማት መብት የሚሰጠው ለባለይዞታ ነው፤ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ በፕላኑ መሠረት መሥራት ይችላል። የመንግሥት ቤት ተከራይ ግን ባለይዞታ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ የመኖሪያ ቤት ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፣ የኪራይ ጭማሪውንም ይገድባል። ስለ ንግድ ቤት ግን ምንም አይልም።

ባለሱቋ፦ ለምን አይልም? የሚያድርበት ቤት የተወሰደበት ሰው ሌላ ማደሪያ ይፈልጋል፤ መከራ ነው፣ ግን ሰኞ ሥራው ይሄዳል። ሱቁ የተወሰደበት ሰው ሰኞ የሚሄድበት የለም። ለማደሪያው ሁለት ዓመት ከተሰጠ ለእንጀራው ለምን አይሰጥም?

ባለሙያው፦ ንግድ ቤት ላይ ኪራይ ከተገደበ አከራዩ በሌላ መንገድ ይወስደዋል፤ ከውሉ ውጭ በእጅ ይቀበላል፣ ወይም ጭራሽ አያከራይም። ይህን በመኖሪያውም እያየነው ነው። ደግሞ ታሪኩን ወደ ኋላ ልመልሰው። ገበያ ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በምኒልክ ጊዜ የከተማዋ ትልቁ ገበያ እዚሁ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ነጭና ጥቁር ለመለየት ብሎ ገበያውን ወደ ምዕራብ ወሰደው። ክፉ ሐሳብ ነው፣ በግድ ነው። ግን ከዚያ ምን ወጣ? መርካቶ ወጣ። የተነሣው ነጋዴ አልሞተም፤ ከአራዳ የሚበልጥ ገበያ ሠራ። እርስዎ ዕቃ የሚያመጡትም ከዚያ ነው። ዛሬ የተነሡትስ ሌላ መርካቶ እንደማይሠሩ በምን ያውቃሉ?

ባለሱቋ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ልመልስልህ። መርካቶ ስትሄድ ምን ታያለህ? ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ያው ሥራ ያለው በአንድ ተራ ነው። ገበያው ሲሄድ አብሮ ሄደ፤ አንድ ቦታ አረፈ። ገዢውም የት እንደሄዱ ያውቃል፣ ተከትሏቸው ሄደ። የእኔ ልብስ ሰፊዎች ግን አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በደቡብ፣ አንዱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መኝታ ቤቱ ውስጥ ነው የሚሰፋው። ምትክ ሲሰጥ የሚታየው ቤተሰቡ ነው፣ ዕጣው ነው፤ ከማን ጋር ይሠራ ነበር የሚል ጥያቄ የለም። ገበር የሚሸጠው፣ ቁልፍ የሚበሳው፣ ጥልፍ የሚጠልፈው፣ ልብስ የሚተኩሰው አንድ ላይ ነበሩ። ካፖርት በአምስት ሰው እጅ ያልፋል። አምስቱ በአምስት አቅጣጫ ከሄዱ ካፖርት አይሠራም፤ የቻይና ካፖርት ይገዛል። መነሣት ካልቀረ አንድ ላይ አንሡን ያልነው ለዚህ ነበር።

ባለሙያው፦ አንድ ላይ ማንሣት... ይህ በእኛ ዘንድ በቂ አልታሰበበትም። እሱን እቀበላለሁ።

ባለሱቋ፦ መቀበልህ ደግ ነው።

ባለሙያው፦ ግን መፍትሔው መርካቶ ውስጥ አለ እላለሁ። ነጋዴዎቹ ቦታው ለሌላ እንዳይሄድባቸው አክሲዮን እየገዙ፣ ማኅበር እያቋቋሙ ራሳቸው ፎቅ ሠሩ። ማንንም አልለመኑም። እቁብ የሚጥል ሰው ሕንፃ መሥራት ይችላል። ፒያሳም እንዲህ ማድረግ ትችል ነበር።

ባለሱቋ፦ የቻለ ሠራ፤ በርቱ እላለሁ። ያልቻለውስ? አክሲዮኑን የገዛው ባለ ሱቁ ነው። ባለ አንድ ማሽኑ፣ በረንዳ ላይ የሚሠራው፣ ክር የሚጠመጥመው ምን አለው? ሕንፃው ሲያልቅ ውጭ ቀረ። ደግሞ ፎቆቹን ወጥተህ እይ። ምድር ቤት ሰው ይጋፋል። አንደኛ ፎቅ ይቀንሳል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ነጋዴ በሩ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ለአንድ ዚፕ ሦስት ፎቅ የሚወጣ የለም። ትንሽ ንግድ የሚኖረው እግረኛው ሳያስብ ዞር ሲል በሚያየው ቦታ ነው። «ልክ እኮ፣ ቁልፌ ተበጥሷል» ብሎ ይገባል። ሊገዛ አስቦ አልመጣም፤ አይቶ አስታወሰ። ገበያዬ ግማሹ እንዲህ ነው።

ባለሙያው፦ እዚህ ላይ ነው ዋናው ችግር። የሚጠይቁት ምድር ቤቱን ነው። የሕንፃውን ወጪ የሚከፍለው ደግሞ ምድር ቤቱ ነው። ሊዝ ከፍሎ፣ ከባንክ ተበድሮ፣ ሲሚንቶና ብረት በዚህ ዋጋ ገዝቶ የሠራ ሰው ብድሩን የሚመልሰው በምድር ቤቱ ኪራይ ነው። ላዩ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ራስዎ አሉት። ምድር ቤቱን ለልብስ ሰፊ በርካሽ ስጥ ካልነው ሕንፃው አይቆምም። ደግነት ብድር አይከፍልም። ልዩነቱን ማን ይሙላ? መንግሥት ከሆነ ከእናቴ ሽንት ቤት ወስዶ ነው የሚሞላው።

ባለሱቋ፦ በርካሽ አላልኩም።

ባለሙያው፦ ምን አሉ ታዲያ?

ባለሱቋ፦ በትንንሽ ክፍል ነው የምለው። አዲስ ሕንፃ ምድር ቤቱን ማን ይዞታል? ባንክ። ከዳር እስከ ዳር መስታወት፣ በሩ አንድ። ሠራተኛው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ያ ሁሉ ግንብ ዝም ይላል። በፊቱ የምታልፍ ሴት ልጅ እርምጃዋን ታፈጥናለች። ያንኑ ቦታ ስምንት ስምንት ካሬ አድርገህ ክፈለው። ልብስ ሰፊው በካሬ ሲሰላ ከባንኩ የሚበልጥ ሊከፍል ይችላል፤ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ስለሆነ። መርካቶ ውስጥ ያቺ ጠባብ ሱቅ ስንት እንደምትከራይ ታውቃለህ። አከራዩ የማይወደው ገንዘቡ አንሶት አይደለም። ከአንድ ባንክ ጋር አንድ ውል መፈረም ከ30 ነጋዴ ጋር ከመጨቃጨቅ ስለሚቀለው ነው።

ባለሙያው፦ ይህ ስሌት ለሁሉም አይሠራም። ሞባይል ሻጩ ስምንት ካሬውን በዚያ ዋጋ ይወስደዋል። ልብስ ሰፊው አይወስደውም። ትንሽ ክፍል ስለሆነ ብቻ ዕደ ጥበብ አይገባበትም። 30 የሞባይል ቀፎ ሱቅ ይሆናል።

ባለሱቋ፦ ሊሆን ይችላል። ከ30 ሞባይል ሱቅና ከአንድ ባንክ ምረጪ ብትለኝ 30ውን ሱቅ እመርጣለሁ። ማታ እስከ ሦስት ሰዓት ክፍት ነው፣ 30 ወጣት ይሠራበታል፣ 30ውም ሸሚዝ ይለብሳል። አንድ ሁለቱ ሲከስር ሌላ ሥራ ይገባበታል። የባንኩ አዳራሽ ግን ባንኩ ቢወጣ ሌላ ባንክ እስኪመጣ ተዘግቶ ይቀመጣል። ከተማው ለሠሪው ከመንገድ ስንት ሜትር እንዲርቅ ያዝዘዋል፣ የመኪና ማቆሚያ ያዝዘዋል፣ የግድግዳውን ቀለም ያዝዘዋል፣ መብራት አብራ ይለዋል። በሩን አብዛው ለማለት ምን ያቅተዋል?

ባለሙያው፦ በር ማዘዝ ይቻላል። ፕላን ላይ ይገባል። ዋጋ ማዘዝ ግን አይቻልም፣ ሰው ማዘዝም አይቻልም። እርስዎ ደግሞ የሚፈልጉት በሩን ሳይሆን እነዚያኑ ሰዎች ነው። አሁን በግልጽ ልናገር፣ እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ነባሩ ይቆይ ማለት አዲሱ አይግባ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ያለው ሱቅ ቁጥሩ የተወሰነ ነው። እርስዎ የረጅም ጊዜ ውል ከያዙ፣ ልጅዎ ይወርሰዋል፤ ዛሬ ከገጠር የመጣች፣ ከእርስዎ የተሻለ እጅ ያላት ልጅ በር አታገኝም። ፒያሳ ራሷ የተሠራችው በመጪ ነው። ሕንዳዊው ነጋዴ ሙሐመድ አሊ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ጣሊያኑ፣ ከዚያም ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው የእኛ ነጋዴ። ማንም «እኔ ነባር ነኝ» ብሎ በሩን ቢዘጋ ኖሮ እርስዎም አይገቡም ነበር።

ባለሱቋ፦ አልቀየምም። ይህን እኔም ሌሊት አስቤዋለሁ። እነዚያ ሁሉ ሲመጡና ሲሄዱ ግን አንድ በአንድ ነበር። አንዱ ሲወጣ በቀኝና በግራ ያለው ይቆያል፤ የመጣውን ሰው ሥራ የሚያስተምረው፣ ብድር የሚያበድረው፣ ደንበኛ የሚልክለት ያ የቀረው ነው። እኔ ስገባ ቁልፍ ከማን እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ጎኔ ያለው ልብስ ሰፊ ነው አከፋፋዩን ያሳየኝ። እቁብ ያስገባኝም እሱ ነው፤ የመጀመሪያውን ዕጣ ለእኔ አሰጠኝ። ሁሉም በአንድ ወር ሲነሣ ግን አዲስ ለሚመጣው ይህን የሚያደርግለት ሰው የለም። አዲሷ ልጅ ከእኔ መኖር የምትጎዳውን ያህል ከእኔ አለመኖርም ትጎዳለች።

ባለሙያው፦ የሚያምር መልስ ነው፤ ግን እርስዎን ይመለከታል። ሁሉም ነባር እንደ እርስዎ ጎረቤት አይደለም። አዲስ ሰው ሲከፍት ጠቁሞ የሚያስዘጋም አለ። ፈቃድ የለውም፣ ግብር አይከፍልም ብሎ ደንብ አስከባሪ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ባለ ሱቁ ነው።

ባለሱቋ፦ አለ። እሱንም አውቀዋለሁ። ለምን እንደሚያደርገው ግን ልንገርህ። ኪራይ ይከፍላል፣ ግብር ይከፍላል፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ይዟል። በሩ ላይ መሬት ላይ አንጥፎ ያው ካልሲ በግማሽ ዋጋ ሲሸጥበት ይቃጠላል። ደግሞ ነገ ይነሣ አይነሣ የማያውቅ ሰው ነው። ነገን የማያውቅ ሰው ጎረቤቱን ማሰብ ይከብደዋል። ዕቃ እንኳ አያበዛም። እኔ አሁን አዲስ ቀለም ክር ማምጣት ትቻለሁ፤ ሦስት ወር ልቆይ ሦስት ዓመት ልቆይ አላውቅምና። ቀለም ማስቀባት ትቻለሁ። ልጅ ማስለመድ ትቻለሁ፤ አስለምጄ የት ላደርሳት?

ባለሙያው፦ ስለዚህ የሚጠይቁት ጊዜ ነው።

ባለሱቋ፦ አሥር ዓመት። ኪራዩ በየዓመቱ ስንት እንደሚጨምር ከመጀመሪያው ይጻፍ፤ ይጨምር፣ ግን ልወቀው። ሰፈሩ መነሣት ካለበት ቀደም ብሎ ይነገረን፤ ስንነሣ እንደ ተራችን አንድ ላይ እንነሣ፣ አንድ ላይ እንረፍ። ሌላ አልጠይቅም። ርካሽ አላልኩህም፣ ነፃ አላልኩህም።

ባለሙያው፦ አሥር ዓመት ውል ያለበትን ቤት የሚገዛ የለም፣ ባንክም በመያዣ ሲቀበለው ዋጋውን ይቀንሳል። ለአከራዩ ይህ ኪሳራ ነው፤ ገንዘብ አይደለም ማለት አይችሉም። ደግሞ አሥር ዓመቱ ለማን? ዝርዝር ሲወጣ የሚገባው ንግድ ፈቃድ ያለው፣ ግብር ከፋይ የሆነው ነው። እርስዎ በር ላይ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ዝርዝሩ ላይ የለችም። ሁለት በርጩማ፣ አንድ ከሰል። ልብስ ሰፊዎቹ ቡና የሚጠጡት እሷ ዘንድ ነበር፤ መንገዱን ካደመቁት አንዷ ናት። የእርስዎ አሥር ዓመት ሲጸድቅ መጀመሪያ የምትነሣው እሷ ናት፤ በሩ ፊት ያለው ቦታ የባለውሉ ይሆናላ።

ባለሱቋ፦ እሷም ዝርዝሩ ላይ ትግባ።

ባለሙያው፦ በየት? ፈቃድ ለማውጣት አድራሻ ይጠየቃል። አድራሻ የላትም። ቦታ መሰጠት አለበት፣ ቦታው ደግሞ ከአንድ ሰው መቀነስ አለበት። ከእርስዎ ይቀነስ ቢባልስ?

ባለሱቋ፦ ስንት?

ባለሙያው፦ ለጀበናና ለሁለት በርጩማ አራት ካሬ ይበቃል። ከፊት ለፊት፣ ከመስኮትዎ በኩል። የክር ማሳያዎ ያለበት።

ባለሱቋ፦ እሰጣለሁ። አሥር ዓመቱ በውሌ ላይ ከተጻፈ እሰጣለሁ፤ ማሳያዬን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፣ ቡና ሊጠጣ የቆመ ሰው ክሬን ያያል። በየዓመቱ የሚታደስ ውል ከሆነ ግን አንድ ስንዝር አልሰጥም። አሁን ደግሞ አንተ ንገረኝ፤ ቢሮህ ውስጥ አሥር ዓመት ብሎ የሚፈርም ማነው?